የኦቲዝም መንስኤ፦ ክርክሩ፣ ማስረጃውና የጤና ባለሙያው ምላሽ

መግቢያ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የክትባት ቀን ነው እንበል። አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ሴት ልጇን አዝላ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጇን በእጇ ይዛ ትገባለች። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ የሰው ዓይን አያይም፤ የውኃ ጠርሙስ ክዳን እያሽከረከረ ለብቻው ይጫወታል። ተራዋ ሲደርስ እናትየዋ ሕፃኗን ከጀርባዋ ለማውረድ ታመነታለች። «ሲስተር፣ ትልቁ ልጄ ጥቂት ቃላት ጀምሮ ነበር፤ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው አፉ የተያዘው። ከክትባቱ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ከፋብሪካው ጭስ ነው የሚሉም አሉ፤ ዘመዶቼ ደግሞ እርግማን ነው ይላሉ። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ይቺንስ ላስከትባት ወይስ ልተው?» ትላለች።

ይህ ሁኔታ ለማሳያ የቀረበ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ከወላጆች ዘወትር የሚሰሙ ናቸው። በአራት ዐረፍተ ነገር የቀረበው የእናት ጥያቄ የሕክምናውን ዓለም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረውን ጉዳይ በሙሉ ይዟል። ባለሙያው በሚሰጠው መልስ ላይ ሁለት ነገሮች ይመሠረታሉ፤ አንደኛው የትልቁ ልጅ እርዳታ ማግኘት፣ ሁለተኛው የታናሽ እኅቱ ከኩፍኝ መጠበቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስለ ኦቲዝም መንስኤ የተነሡትን ዋና ዋና አስተያየቶች ከነማስረጃቸው መርምሮ፣ የጤና ባለሙያው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሊሰጥ የሚችለውን ምላሽ ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቲዝም ምን ዓይነት ችግር ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ በሕፃንነት ዘመን የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። መለያ ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከሰው ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ የሚታይ ችግር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተወሰነ ነገር ላይ ብቻ ማተኮር፣ አንድን እንቅስቃሴ መደጋገምና ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ያልተለመደ ስሜት ማሳየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። የችግሩ መጠን ከልጅ ልጅ በእጅጉ ይለያያል፤ አንዱ ፈጽሞ አይናገርም፣ ሌላው በትምህርት ቤት ከክፍል ጓደኞቹ ይበልጣል። ይህን ያህል ልዩነት ላለው ሁኔታ አንድ ብቻ መንስኤ መፈለግ ገና ከመነሻው አስቸጋሪ መሆኑን ልብ ይሏል።

እናት የተወቀሰችበት ዘመን

በ1943 ሊዮ ካነር የተባሉት የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በአሜሪካ የ11 ልጆችን ሁኔታ በዝርዝር ጽፈው ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ካነር በዚያ ጽሑፋቸው ችግሩ ከልጆቹ ጋር አብሮ የተወለደ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸው ነበር፤ ሆኖም የወላጆቹን ጠባይ ቀዝቃዛነት ጭምር በማንሣታቸው የኋላ ኋላ ብዙ ጉዳት ላስከተለ አስተሳሰብ በር ከፈቱ። በተለይም ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ልጁ ወደ ራሱ የሚሸሸው ከእናቱ ፍቅር ስለሚያጣ ነው የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አሠራጩ። በዚህም ምክንያት በርካታ እናቶች ከልጃቸው ችግር በተጨማሪ የጥፋተኝነት ሸክም ተሸክመው ኖሩ።

ይህን አስተሳሰብ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ናቸው፤ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የችግሩ ምንጭ በነርቭ ሥርዓት ውስጥ መሆኑን ተከራከሩ። ካነርም በ1969 በወላጆች ጉባኤ ላይ ተገኝተው ወላጆችን ከወቀሳ ነፃ አደረጉ። ዛሬ የአስተዳደግ ጉድለት ኦቲዝምን ያመጣል የሚለው አስተያየት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። ይሁን እንጂ በአገራችን «እናቱ ትታው እየዋለች ነው»፣ «አላጫወተችውም» የሚለው ወቀሳ አሁንም ይሰማል።

መንትዮቹ ያሳዩት

ክርክሩን ወደ ዘር ውርስ ያዞረው በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር በእንግሊዝ አገር ባካሄዱት በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተመሠረተ ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች መካከል በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከሁለት እንቁላል በተገኙት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ኦቲዝም ያለባቸው አንድም አልተገኘም። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች በአንድ ማሕፀን ተፀንሰው በአንድ ቤት የሚያድጉ በመሆናቸው ልዩነቱን ለማስረዳት የሚቀረው የጂን ተመሳሳይነት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል፤ በ2019 የታተመና የአምስት አገሮችን መረጃ የመረመረ ጥናት ኦቲዝም በመያዝ ረገድ በሕዝብ መካከል ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከጂን ጋር የተያያዘ መሆኑን ገምቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦችን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ 80 በመቶ የሚለው አኃዝ በሕዝብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚገልጽ እንጂ የአንድ ልጅ ችግር «ሰማንያው እጅ ከጂን፣ ሃያው ከአካባቢ ነው» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ «የዘር ነው» ማለት «ከእናት ወይም ከአባት ወገን የመጣ ነው» ማለት ብቻ አይደለም። ከኦቲዝም ጋር የተያያዙት ጂኖች በርካታ መቶዎች ሲሆኑ፣ አንዳንዱ የጂን ለውጥ በወላጆቹ ደም ውስጥ ጨርሶ ሳይኖር በዘር ፍሬው ላይ አዲስ የሚፈጠር ነው። በዘር ማንዘሩ እንዲህ ያለ ልጅ ታይቶ በማይታወቅ ቤተሰብ ውስጥ ኦቲዝም ሊከሰት የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን አለማስረዳት ባልና ሚስት «በአንቺ ወገን ነው፣ በአንተ ወገን ነው» በሚል እንዲወቃቀሱ ያደርጋል።

የክትባቱ ክርክር

በ1998 አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ አወጡ፤ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከአንጀት ሕመምና ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችል አመለከቱ። በጽሑፉ ላይ ያልተከተቡ ልጆች ለንጽጽር አልቀረቡም። ብራያን ዲር የተባለው ጋዜጠኛ ባደረገው ክትትልም የልጆቹ የሕክምና መዝገብ በጽሑፉ ከተገለጸው ጋር እንደማይገጥምና ዌክፊልድ በክትባት አምራቾች ላይ ክስ ከሚያዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ መቀበላቸው ተጋለጠ። ላንሴት በየካቲት 2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት ዌክፊልድ ከብሪታንያ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቁ። ነገር ግን ጉዳቱ ደርሶ ነበር፤ በእንግሊዝ የክትባቱ ሽፋን ከ92 በመቶ ወደ 80 በመቶ ገደማ ወርዶ ኩፍኝ ተመልሶ መዛመት ጀመረ።

ጥርጣሬው ከተነሣ በኋላ በብዙ አገሮች ተመርምሯል። በዴንማርክ በ2002 የታተመው ጥናት 537,303 ልጆችን፣ በ2019 የታተመው ደግሞ 657,461 ልጆችን ተከታትሏል። በሁለቱም የተከተቡት ልጆች ካልተከተቡት የበለጠ ኦቲዝም አልታየባቸውም። ታናሽ እኅት ለያዘችው እናት በተለይ የሚጠቅመው ነጥብ፣ የ2019ኙ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ታላላቆች ያሏቸውን ልጆች ለይቶ መመርመሩና በእነርሱም ላይ ክትባቱ አደጋውን እንደማይጨምር ማረጋገጡ ነው።

ሌላው ጥርጣሬ የክትባት ማቆያ በሆነው ቲሜሮሳል ውስጥ ባለው ሜርኩሪ ላይ ያተኮረ ነበር። ቲሜሮሳል የሚሰጠው ኤቲል ሜርኩሪ ሲሆን፣ በተበከለ ዓሣ ከሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ ይልቅ ከሰውነት ፈጥኖ ይወገዳል። ዴንማርክ በ1992 ይህን ንጥረ ነገር ከሕፃናት ክትባት ብታስወጣም ኦቲዝም ያለባቸው ተብለው የሚመዘገቡት ልጆች ቁጥር ከዚያ በኋላም ማደጉን አላቆመም።

ታዲያ በርካታ ወላጆች ለውጡን ከክትባቱ ጋር ለምን ያያይዙታል? ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከፊሎቹ የጀመሩትን ቃላት የሚያጡት በሁለተኛው የዕድሜ ዓመት ነው። ይህ ደግሞ ክትባት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። አደይ አበባ ደመራ በሚለኮስበት ሰሞን ይፈነዳል፤ ያፈነዳው ግን ደመራው አይደለም። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት ለብዙ ዓመታት ለብቻው በ9 ወር ሲሰጥ ቆይቶ በ2019 በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ ዶዝ ተጨምሯል። በላንሴቱ ጽሑፍ የተወነጀለው ጥምር ክትባት በነበረበት ዘመን በእኛ ጤና ጣቢያዎች ይሰጥ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ብቻ እንደነበረ ማስታወስም ተገቢ ነው።

ከአገር የወጡ ቤተሰቦችና የቁጥሩ መጨመር

በአሜሪካ የስምንት ዓመት ልጆችን በሚከታተለው ሥርዓት በ2000 ከ150 ልጆች አንዱ፣ በ2022 ደግሞ ከ31 ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተመዝግቧል። የዚህ ለውጥ ሰፊው ክፍል የመመርመሪያው መስፈርት በመስፋቱ፣ ቀድሞ በአእምሮ ዝግመት ብቻ ይመዘገቡ የነበሩ ልጆች በትክክለኛው ስም በመጠራታቸውና የወላጆችና የባለሙያዎች ግንዛቤ በማደጉ የሚብራራ ነው። የወላጆች ዕድሜ መግፋትና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሕይወት መትረፍ የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከእስራኤል የመጣ ነው። በ2004 የታተመ የመዝገብ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ተወልደው ወደ እስራኤል ከሄዱት ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለበት አለመመዝገቡን፣ እዚያው ከተወለዱት የኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል ግን መጠኑ ከሌሎቹ የአገሩ ተወላጆች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ውጤት አንዱ ወገን «ችግሩ በኢትዮጵያ የለም፣ የሚያመጣው አዲሱ አካባቢ ነው» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ሌላው ወገን ደግሞ ከባድ ችግር ያለበትን ልጅ ይዞ ረጅሙን ጉዞ ማድረግ አዳጋች እንደነበረ፣ የመጡትም ልጆች ምርመራ ሳያገኙ ሊቀሩ እንደሚችሉ ያስገነዝባል። የመዝገብ ቁጥር ብቻውን ሁለቱን ሊለያይ አይችልም። ሆኖም «ኦቲዝም የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውን አባባል በአዲስ አበባ ያሉት ማዕከላት የሚቀበሏቸው ልጆች በራሳቸው ያፈርሱታል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩትና በ2021 ያረፉት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እና በወላጆች የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ለዚህ ምስክር ናቸው።

የጎረቤቶቻችን የሶማሌ ቤተሰቦች ታሪክ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። በስዊድን ስቶክሆልም በ2008 የታተመ ጥናት በሶማሌ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ኦቲዝም ከሌሎች በብዙ እጥፍ መታየቱን በመግለጹ ከቫይታሚን ዲ እጥረት ጋር የተያያዘ መላ ምት ተነሣ፤ መላ ምቱ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ተመሳሳይ ሥጋት የገባቸውን ወላጆች ፀረ ክትባት ቡድኖች ቀርበው አነጋገሯቸው። በሶማሌ ማኅበረሰብ ልጆች መካከል የኩፍኝ ክትባት ሽፋን በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ አሽቆለቆለ። በ2017 በግዛቱ 75 ሰዎች በኩፍኝ ሲያዙ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ባለሙያዎች ለወላጆቹ ጥያቄ በጊዜው አጥጋቢ መልስ ባለመስጠታቸው ክፍተቱን ሌሎች ሞሉት።

ከፅንስ ጀምሮ የሚታወቁ አጋላጭ ሁኔታዎች

ጂን ሰፊውን ድርሻ ይያዝ እንጂ ብቸኛው አይደለም። በእርግዝና ጊዜ በሩቤላ የተጠቁ እናቶች በወለዷቸው 243 ልጆች ላይ ስቴላ ቼስ ያደረጉት በ1971 የታተመ ጥናት ኦቲዝም ከሚጠበቀው በላይ መታየቱን አረጋግጧል፤ እንግዲህ ሩቤላን የሚከላከለው ክትባት ኦቲዝምን ያመጣል ተብሎ ሲወነጀል መኖሩ የክርክሩ አስገራሚ ገጽታ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮዌትም በፅንሱ አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል። በ2013 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ለዚህ መድኃኒት ከተጋለጡት ልጆች 4.4 በመቶ ያህሉ በኦቲዝም ዘርፍ እንደሚመደቡ ገምቷል። ስለዚህ መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ቫልፕሮዌት መጀመር አይገባም፤ በመውሰድ ላይ ያለችው ግን በድንገት ብታቋርጥ የሚጥል በሽታው ሕይወቷን ሊያሳጣት ስለሚችል ለውጡ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት።

ያለ ጊዜ መወለድና በወሊድ ጊዜ መታፈን የአእምሮ እድገት ችግሮችን እንደሚያባብሱ ይታወቃል። ከታንዛኒያ በ2006 የቀረበ ጽሑፍ ደግሞ መስፈርቱን ካሟሉ 14 ልጆች መካከል ሦስቱ ቀድሞ ጤናማ እድገት የነበራቸውና ምልክቱ የታየባቸው ከከባድ ወባ ካገገሙ በኋላ መሆኑን ገልጿል። ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑ ድምዳሜ ላይ አያደርስም፤ ቢሆንም ከባድ ወባና ማጅራት ገትር ባሉበት አገር የልጁን የሕመም ታሪክ በጥንቃቄ መጠየቅ እንደሚገባ ያመለክታል።

በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት በእርግዝና ጊዜ ፓራሲታሞል መውሰድ ከኦቲዝም ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ሲያስታውቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ወር ይህን የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። በ2024 የታተመው 2.5 ሚሊዮን ያህል ልጆችን ያካተተ የስዊድን ጥናት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ልጆቹ በጅምላ ሲነጻጸሩ አነስተኛ ግንኙነት ታይቶ ነበር፤ የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ግን ግንኙነቱ ጠፋ። ይህም የልዩነቱ ምንጭ መድኃኒቱ ሳይሆን በቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሌላ ምክንያት መሆኑን ያመለክታል። በነፍሰ ጡር ላይ ያለ ከፍተኛ ትኩሳት ሳይታከም ሲቀር ራሱ ለፅንሱ አደገኛ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የአካባቢ ብክለት በአቃቂ ቃሊቲ

«ከፋብሪካው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአቃቂ ቃሊቲ መሠረት የሌለው ፍርሃት ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ክፍለ ከተማው የቆየ የኢንዱስትሪ ቀጠና ነው፤ የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞችም በዚሁ አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ያመራሉ። በወንዞቹ ውኃ፣ በመስኖ በሚለማው አፈርና በአትክልቱ ላይ ለዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች እርሳስን፣ ክሮሚየምንና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ዘግበዋል።

እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ፣ የማሰብ ችሎታን እንደሚቀንስና ትኩረትን እንደሚያዛባ ጥርጥር የለውም። ኦቲዝምን ያመጣል ለማለት ግን የተገኙት ማስረጃዎች እርስ በርስ አይስማሙም። በተጨማሪም አፈርና ባዕድ ነገር ወደ አፍ የማስገባት ልማድ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ ስለሚዘወተር፣ በደማቸው የሚገኘው እርሳስ የችግሩ መነሻ ሳይሆን ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መናገር ይኖርበታል፤ ብክለቱ በራሱ ምክንያት መወገድ ያለበት የጤና ጠንቅ ነው፣ የዚህ ልጅ ኦቲዝም ግን ከእርሱ መጣ ለማለት አይቻልም።

እርግማን፣ ክፉ መንፈስና ሐፍረት

በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች በ102 አሳዳጊዎች ላይ የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት፣ ቤተሰቦች የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን ከክፉ መንፈስና ከኃጢአት ጋር አጣምረው በመንስኤነት እንደሚጠቅሱ አሳይቷል። ከተጠየቁት 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ሐፍረት ይሰማቸው ነበር፤ ከአራት አንድ የሚሆኑት ደግሞ ጉዳዩን ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። ችግሩን በመንፈስና በእርግማን የሚያብራሩት ቤተሰቦች የበለጠ መገለል ይሰማቸዋል። መንስኤን የሚመለከት አስተሳሰብ ልጁ ከቤት እንዲወጣ ወይም በቤት እንዲዘጋበት ይወስናልና ክርክሩ የምሁራን ብቻ አይደለም።

የእናትየዋን እምነት መንቀፍ ግን ከጤና ጣቢያው ያርቃታል እንጂ አይጠቅማትም። ልጇን ፀበል ብትወስድ ክትትሉንና በተለይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ልጁ እንዳይታሰርና እንዳይራብ በአክብሮት ማስገንዘብ ይሻላል። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ኦቲዝም የተሰጠ አጭር ሥልጠና የተሳሳቱ እምነቶችንና ልጆቹን የማራቅ ዝንባሌን እንደሚቀንስ በአገራችን ተካሂዶ በ2019 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ከዚህ እንደምንረዳው ባለሙያው ራሱም ከማኅበረሰቡ የወጣ በመሆኑ የራሱን አመለካከት መመርመር ይኖርበታል።

ለእናትየዋ የሚሰጥ መልስ

ከላይ ከቀረበው በመነሣት በክትባት ክፍሉ ውስጥ የሚከተለውን ማለት ይቻላል። «እናቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይህ ሁኔታ በአብዛኛው ልጁ ከመወለዱ በፊት በአእምሮ አሠራር ላይ የሚጀምር ነው። የእርስዎን ልጅ ምክንያት ለይቼ ልነግርዎት አልችልም፤ ክትባቱ እንዳልሆነ ግን በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ ተረጋግጧል። ታናሿን እናስከትብ፤ ትልቁን ደግሞ አብረን እናስመርምር።»

ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ መልሱን ያሟላል። የትልቁ ልጅ የመስማት ችሎታ መመርመር አለበት፤ የማይሰማ ልጅ ኦቲዝም አለበት ተብሎ እንዳይቀር። የሚጥል በሽታ መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል፤ ወደ ሕፃናት የአእምሮ ሕክምና አገልግሎትም ይላካል። ታናሿንም በትኩረት መከታተል ያስፈልጋል፤ በበለጸጉ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ኦቲዝም ካለበት ልጅ በኋላ ከሚወለዱት ከአምስት አንዱ ያህል ችግሩ እንደሚታይበት ያሳያሉና። በ12 ወር ስሟ ሲጠራ ዞር ካላለች ወይም በጣቷ ካልጠቆመች፣ በ16 ወር አንድም ቃል፣ በ24 ወር ሁለት ቃላት አጣምራ ካልተናገረች፣ በማናቸውም ዕድሜ የጀመረችውን ንግግር ካጣች ሳይዘገይ መመርመር አለባት። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው»፣ «ሲያድግ ይተወዋል» እያሉ ማሰናበት ውድ ጊዜ ያባክናል።

መደምደሚያ

ኦቲዝም አንድ መንስኤ የለውም፤ በርካታ ጂኖችና በፅንስ ጊዜ የሚያጋጥሙ አንዳንድ ሁኔታዎች በየልጁ በተለያየ መንገድ ተዋህደው ያመጡታል። በምርምሩ ገና ያልተፈቱ ጥያቄዎች ቢኖሩም የተዘጉትን እንደገና መክፈት ሕፃናትን ለኩፍኝ፣ እናቶችን ለወቀሳ አሳልፎ መስጠት ነው። መንስኤው በውል ባይለይም እርዳታው ሊጀመር ይችላል፤ የቋንቋና የመግባባት ሥልጠና የሚሰጠው የልጁን ጂን ጠብቆ አይደለም። እናትየዋ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ታናሿ ተከትባ፣ ለትልቁ የቀጠሮ ወረቀት ተይዞ፣ የራሷም ልብ ከጥፋተኝነት ቀለል ብሎ ከሆነ ባለሙያው የሚጠበቅበትን ሠርቷል።